ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ስፒናች ወይስ ሩኮላ? ለሐዋሳ ጓሮ እንደ ወሩና እንደ ገበታው መምረጥ

ሐዋሳ ላይ የሰላጣ ፍላጎትና የሰላጣ ወቅት አይገጥሙም። ብዙ ቤት በየቀኑ ቅጠል የሚፈልገው በዐቢይ ጾም ነው። ዐቢይ ጾም ደግሞ በአብዛኛው የካቲትንና መጋቢትን ይዞ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ከተማዋ ላይ የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ሰላጣ ግን ከ15 እስከ 22 ዲግሪ ባለው አየር የሚደላው ተክል ነው። በጥር መጨረሻ ዘር ገዝቶ የዘራ ሰው ከሁለት ወር በኋላ መራራና አገዳ ያወጣ፣ ማለትም ለማበብ ግንዱ የተመዘዘ፣ ሰላጣ ያገኝና ዘሩን ይረግማል። ብዙ ጊዜ ግን ያጠፋው ወሩ ነው። ስለዚህ "የትኛው ቅጠል ይሻላል?" ከማለት በፊት "በየትኛው ወር፣ ለየትኛው ገበታ?" ብሎ መጠየቅ ያዋጣል።

እዚህ የምናነጻጽረው ሰላጣን ከሦስት ዓይነቱ ጋር፣ ቆስጣን፣ ስፒናችንና ሩኮላን (የሰናፍጭ ቃና ያለውን የጎመን ወገን ቅጠል) ነው። የሐበሻ ጎመንን አላስገባንም፤ ለምለሙ እንኳ ጥሬውን ሲበላ ያቃጥላል፣ ቦታው ድስት ውስጥ ነው።

ስማቸውን እንለይ

ትልቁ ግራ መጋባት ቆስጣና ስፒናች ላይ ነው። በምግብ ቤት ዝርዝር ላይ "ስፒናች" ተብሎ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ቆስጣ ነው። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፣ አንድ ግን አይደሉም። ቆስጣ ከቀይ ሥር ጋር አንድ ዝርያ ነው፤ ቅጠሉ ሰፊ፣ የተሸበሸበ፣ መሐሉ ላይ ወፍራም ነጭ አጥንት ያለው ነው። ስፒናች ትንሽ ነው፤ አገዳው ቀጭን፣ ቅጠሉ ለስላሳ፣ መሬት ላይ እንደ ክብ አበባ ተዘርግቶ ይወጣል። ዘሩን ስትገዙ ደግሞ የቆስጣ ዘር እንደ ትንሽ ቡሽ ሻካራና ጎርባጣ መሆኑን እዩ። አንዱ ፍሬ በውስጡ ከ2 እስከ 4 ዘር ስለሚይዝ ከአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ ሲወጣ አትደነቁ፤ አንዱን ጠንካራ ትታችሁ ሌሎቹን በመቀስ ቁረጡ። ከነቀላችሁት የቀረውን ሥር ታናጋላችሁ።

ሰላጣ ራሱ ሦስት ዓይነት ነው። የማይጠቀለለው ቅጠል ሰላጣ፣ ረዝሞ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሮሜይን፣ እንደ ጥቅል ጎመን የሚጠቀለለው አይስበርግ። ይህን መለየት የዘር ዋጋ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በምግብነታቸው በጣም ይራራቃሉ።

ምን ያህል ምግብ ይሰጣሉ?

ከዚህ በታች ያለው ቁጥር ሁሉ ለ100 ግራም ጥሬ ቅጠል ነው። 100 ግራም ማለት ለአንድ ሰው ጥሩ ሰሐን ሙሉ ነው።

አይስበርግ ከ95 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ቫይታሚን ኤው 25 ማይክሮግራም ገደማ ብቻ ሲሆን ቅጠል ሰላጣ 370፣ ሮሜይን ደግሞ ከ430 በላይ አለው። ይህን ያህል ልዩነት የሚያመጣው ብርሃን ነው። የተጠቀለለው ቅጠል ፀሐይ ስለማያየው ነጥቶ ይቀራል፤ ቫይታሚን ኤ የሚሆነው ቢጫ ቀለም ደግሞ ከአረንጓዴው ጋር አብሮ የሚሠራ ነው። ለዚህም ነው ከማንኛውም ሰላጣ የውጪውን ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ጥሎ የመሐሉን ነጭ መምረጥ ምግቡን መጣል የሚሆነው። የተበላሸ ካልሆነ የውጪውን አትጣሉ።

ፎሌት በሚባለው የቢ ቫይታሚን ላይ ሮሜይን 136 ማይክሮግራም ይዟል፤ ቅጠል ሰላጣ 38 ብቻ። ስፒናች 194 ስለሚደርስ ከሁሉም ይበልጣል። ቆስጣ ግን በዚህ ደካማ ነው፣ 14 ብቻ ነው። ለአዋቂ በቀን 400፣ ለነፍሰ ጡር 600 ማይክሮግራም ስለሚመከር ቅጠል ያግዛል እንጂ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ክኒን አይተካም።

ቆስጣ በሌላ በኩል ይክሳል። ቫይታሚን ሲው 30 ሚሊ ግራም ነው፤ ቅጠል ሰላጣ 9፣ ሮሜይን 4 ነው። ማግኒዚየሙም 81 ሚሊ ግራም ይደርሳል። በቫይታሚን ኬ ደግሞ ከአራቱ ማንም አይደርስበትም፣ 830 ማይክሮግራም አለው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ቆስጣን አንድ ሳምንት በብዛት በልቶ ሌላ ሳምንት ቢተው የመድኃኒቱን ልክ ያዛባዋል። መከልከል አያስፈልገውም፤ መጠኑን ግን በየሳምንቱ እኩል ማድረግና ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ብረትና ካልሲየም ላይ ቁጥሩ ያታልላል። ስፒናች 99 ሚሊ ግራም ካልሲየምና 2.7 ሚሊ ግራም ብረት አለው ተብሎ ይወደሳል፤ ነገር ግን ኦክሳሌት የሚባለው ንጥረ ነገር ስለሚይዘው ሰውነት ከስፒናች ካልሲየም የሚወስደው ወደ 5 በመቶ ብቻ ነው። ከወተት 30 በመቶ ገደማ ይወስዳል። ቆስጣም ኦክሳሌቱ ከፍተኛ ነው። የኩላሊት ጠጠር የያዘው ሰው እነዚህን ሁለቱን ይቀንስ፣ ሲበላም ቀቅሎ ውሃውን ይድፋ። ሩኮላ በአንጻሩ 160 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይዞ ኦክሳሌቱ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ወተት ለማይነካበት የጾም ወቅት ከአራቱ የምንመርጠው እሱን ነው።

በማንኛውም ቅጠል ላይ ሎሚ መጭመቅ ብረቱ እንዲዋሃድ ያግዛል። ዘይት ወይም አቮካዶ መጨመርም ግዴታ ነው ብንል አላበዛንም፤ ቫይታሚን ኤና ኬ ያለ ቅባት ብዙም አይገቡም። ከበሉ ወዲያው ቡና ወይም ሻይ መጠጣት ግን ብረቱን ያስቀራል፤ አንድ ሰዓት ቢቆይ ይመረጣል።

ወሩ

ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ቀኑ ብሩህ ነው፣ ዝናቡ ቆሟል። ይህ የሰላጣ ወርቃማ ወቅት ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሁሉንም ዓይነት መዝራት ይቻላል፤ አይስበርግና ስፒናች የሚሳካላቸው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው ብሎ መውሰድ ይሻላል። እስከ ጥር አጋማሽ ቅጠል ሰላጣ አሁንም ይዘራል። ከዚያ እስከ መጋቢት መጨረሻ ያለ ጥላ ሰላጣ መዝራት ድካም ነው። ሚያዝያና ግንቦት የበልጉ ዝናብ ስለሚያቀዘቅዘው ቅጠል ሰላጣና ሩኮላ ይሞከራሉ። ክረምት ሙቀቱ ይስማማል፤ ችግሩ ውሃው ነው። ጭቃ ቅጠሉ ላይ ይረጫል፣ ሻጋታ ይበዛል፣ ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ ሌሊት ይበላል። በክረምት ለመዝራት መደቡን ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ ከተቻለ ጎኑ ክፍት የሆነ የላስቲክ ጣሪያ ይኑረው።

የዘር ካርቶን ላይ ስለ አገዳ ማውጣት የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ለፈረንጅ አገር ነው። እዚያ ስፒናች የሚያብበው የበጋ ቀናቸው 14 እና 15 ሰዓት ስለሚረዝም ነው። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በ7 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ ረጅሙ ቀኗ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ሰላጣንም ስፒናችንም አገዳ የሚያስወጣቸው በዋናነት ሙቀት፣ የውሃ መቋረጥና መጨናነቅ ነው፤ ሁለቱ በእጃችን ናቸው። ቆስጣ ደግሞ ለማበብ የሳምንታት ብርድ የሚጠይቅ ተክል ነው። ያን ብርድ እዚህ ስለማያገኝ አገዳ ሳያወጣ ወራት ይቆያል። በመስከረም የተዘራ ቆስጣ በዐቢይ ጾም ውስጥም እየተቆረጠ ይበላል፤ ሌላው ቅጠል ይህን አይችልም።

ለጾመ ነቢያት የሚደርስ ሰላጣ

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ለዚያ ቀን የሚደርስ ቅጠል ሰላጣ መስከረም 20 ይዘራል፣ ጥቅምት 15 ወደ መደብ ይዛወራል፣ ኅዳር 15 መቆረጥ ይጀምራል። 25 ቀን በችግኝ፣ 30 ቀን በመደብ። ሮሜይን ከ15 እስከ 20 ቀን ይጨምራል፤ አይስበርግ ከ75 እስከ 90 ቀን ስለሚፈልግ በታኅሣሥ ነው የሚደርሰው።

ዘሩ በጣም ትንሽ ነው፤ 1 ግራም ከ700 በላይ ፍሬ ይይዛል። ለአምስት ሰው ቤት 2 ካሬ ሜትር መደብ ይበቃል፤ በ25 ሴንቲ ሜትር ርቀት 32 ችግኝ ይይዛል። ስለዚህ 60 ፍሬ፣ በሁለት ጣት የሚቆነጠር ያህል፣ መዝራት በቂ ነው። ሁሉንም አንድ ቀን ከመዝራት ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ከሁለት ሳምንት በኋላ ብታደርጉት ቅጠሉ ተከታትሎ ይደርሳል።

የሰላጣ ዘር ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። አንድ ጣት ጥልቀት የተቀበረ ዘር አይበቅልም፤ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በታች፣ በተነፋ ኮምፖስት በስሱ ብቻ ይሸፈን። ሁለተኛው ጠላት የመሬቱ ሙቀት ነው። አፈሩ ከ27 ዲግሪ ሲያልፍ ዘሩ ሳይሞት ይተኛል፤ ብዙ ሰው "ዘሩ የሞተ ነው" ብሎ የሚጥለው ይህን ነው። መፍትሔው ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ መዝራት ነው። ዘሩ ውሃ ጠጥቶ ውሳኔ የሚወስነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስለሆነ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ያሳልፈዋል። በሞቃት ወር ከሆነ ዘሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን አቆይቶ መዝራት ይሠራል። ከ4 እስከ 7 ቀን ውስጥ ይበቅላል።

ችግኙ ሲወጣ ከአንገቱ ቀጥኖ፣ ቡናማ ሆኖ ወደ አንድ ጎን የሚወድቅ ከሆነ በመጨናነቅና በምሽት ውሃ ምክንያት ፈንገስ ገብቶበታል። አሳሱት፤ ጠዋት ብቻ አጠጡ። አራት ወይም አምስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ በምሽት አዛውሩት። ልቡን፣ ማለትም መሐል ላይ የሚወጣውን አዲስ ቅጠል፣ አፈር አታልብሱት፤ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ከተዛወረ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ቆራጭ ትል ከሥሩ ይገዘግዘዋል። ጠዋት የወደቀ ችግኝ ካያችሁ ዙሪያውን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ቆፍሩ፤ ትሉ ተጠቅልሎ እዚያው ተኝቷል።

የሐዋሳ አፈር በብዙ ሰፈር ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀላልና አሸዋማ ነው፤ ውሃ ቶሎ ያሳልፋል። ለ2 ካሬ ሜትር አንድ ባለ 20 ሊትር ባልዲ የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅሉ። ጥሬ ፍግ አታድርጉ፤ ጥሬውን የሚበላ ቅጠል ከሆነ ፍጉ ከመከሩ በፊት ቢያንስ 4 ወር መሬት ውስጥ መቆየት አለበት። ዩሪያ ማድረግ የሚፈልግ ከተዛወረ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለ1 ካሬ ሜትር 10 ግራም፣ እርጥብ አፈር ላይ፣ ከግንዱ 5 ሴንቲ ሜትር ራቅ አድርጎ ይበትን። ከዚያ በላይ ከሆነ ቅጠሉ ውሃ ውሃ ይላል፣ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ይወረዋል፣ ከተቆረጠም ቀን አያድርም።

ውሃው በደረቅ ወቅት ለ1 ካሬ ሜትር በቀን 5 ሊትር ገደማ ነው፤ አንድ ጀሪካን ለ4 ካሬ ሜትር። የሰላጣ ሥር ከ30 ሴንቲ ሜትር ብዙ አይወርድም፤ ስለዚህ ሦስት ቀን አስጠምቶ አንድ ቀን ማጥለቅለቅ ትልቁ ስህተት ነው። የመሐሉ አዲስ ቅጠል ጫፉ ቡናማ ሆኖ ቢቃጠል በሽታ መስሏችሁ መድኃኒት አትርጩ። ካልሲየም የሚጓዘው ከውሃ ጋር ነው፤ ውሃው ሲቆራረጥ ወደ ውስጠኛው ቅጠል ሳይደርስ ይቀራል። ጉዝጓዝ ሣር ማልበስና ውሃውን በየቀኑ እኩል ማድረግ ያቆመዋል።

ከጥር አጋማሽ በኋላ ሰላጣ ማቆየት ለሚፈልግ የጓሮው እንሰት ወይም ሙዝ ይጠቅማል። ከእንሰቱ በምሥራቅ በኩል የተተከለ ሰላጣ የጠዋት ፀሐይ ያገኝና ከሰዓት በኋላ ባለው ትኩሳት ጥላ ውስጥ ይሆናል። ሥሩ ሥር ግን አትጠጉ፤ እንሰቱ ውሃውን ይቀማል፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ራቅ ይበል። የጥላ መረብ የሚገዛ ደግሞ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚያጠላውን ይምረጥ፤ ከዚያ የጠቆረ ከሆነ ሰላጣው ቀጥኖ ይመዘዛል።

ሌሎቹ ሦስቱ

ቆስጣን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ 2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ዝሩ። ለሰላጣ የሚሆነው በ4 ሳምንት ገደማ፣ ቅጠሉ የመዳፍ ያህል ከመሆኑ በፊት፣ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለወጥ ነው። ሁልጊዜ ከውጪ ሁለት ሦስት ቅጠል ጠምዝዛችሁ ውሰዱ፤ መሐሉን ከቆረጣችሁ ይዘገያል። በክረምት ቅጠሉ ላይ ዙሪያው ቀይ፣ መሐሉ አመድማ የሆነ ክብ ነጠብጣብ ይወጣል፤ የታመመውን ለቅማችሁ ከጓሮ አስወጡ፣ ኮምፖስት ውስጥ አትጣሉት። ቆስጣ ከባሕር ዳር ከሚበቅል የዱር ተክል የመጣ ስለሆነ ጨው ያለበትን ውሃ ከሰላጣ በተሻለ ይችላል። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ሶዲየም ስለሚበዛበት፣ በጉድጓድ ውሃ የሚያጠጣ ቤት ሰላጣው ጫፍ ጫፉ ቢደርቅበት ቆስጣን ይሞክር።

ስፒናች በቀጥታ ይዘራል፤ ማዛወር አይወድም። በ40 ቀን ይደርሳል፣ ቶሎም ያልፋል። ከጥቅምትና ኅዳር ውጭ አንመክረውም።

ሩኮላ ከሁሉም ፈጣን ነው፤ በ3 ወይም 4 ቀን ይበቅላል፣ በ30 ቀን ይቆረጣል፣ ሁለት ጊዜም ያቆጠቁጣል። ከጎመን ወገን ስለሆነ የምትፈናጠር ትንሽ ጥቁር ጥንዚዛ ቅጠሉን እንደ ወንፊት ትበሳዋለች፤ ከመጀመሪያው ቀን በሳሳ ጨርቅ መሸፈን ይበቃል። ሙቀት ሲበዛ ቅጠሉ እንደ ሰናፍጭ ያቃጥላል። በየካቲት የምትዘሩ ከሆነ በ3 ሳምንቱ፣ ገና ትንሽ ሳለ ጨርሳችሁ ቁረጡት። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ላይ ከሚጠበሰው ዓሣ ጋር ይህን የመሰለ ቅጠል የለም።

ከገበያ ስትገዙና ስታጥቡ

ገበያ ላይ ሰላጣ አገላብጣችሁ የተቆረጠበትን እዩ። ቁራጩ ነጭና እርጥብ ከሆነ ዛሬ የተቆረጠ ነው፤ ቀይ ቡናማ ከሆነ አድሯል። ቅጠሎቹን ገለጥ አድርጋችሁ መሐሉ ላይ ግንዱ እንደ ጣት ተመዞ ከቆመ አገዳ ማውጣት ጀምሯል፤ በጥፍር ስትጫኑት ወተት ያፈሳል፣ ያ ወተት ነው መራራው። ላዩ ላይ በተረጨ ውሃ ማማሩ አያታላችሁ፤ ውሃው ከየት እንደተቀዳ አይታወቅም።

አጠባው ላይ አቼቶ ብቻውን አይተማመኑበት። ቅጠሉን አንድ በአንድ ገንጥላችሁ በሰፊ ገበታ ውሃ ውስጥ እሹ፤ ከዚያ ቅጠሉን ከውሃው አውጡ እንጂ ውሃውን በላዩ አትድፉ። ከተደፋ የዘቀጠው አፈር ተመልሶ ቅጠሉ ላይ ይቀመጣል። ይህን ታች አሸዋ እስኪጠፋ ደጋግሙ። ቀጥሎ ሽታ ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና 1 የሻይ ማንኪያ ለ5 ሊትር ንጹህ ውሃ፣ 10 ደቂቃ፤ በመጨረሻ በሚጠጣ ውሃ ማለቅለቅ። በረኪና ባክቴሪያን ይቀንሳል፤ የአሜባን ቋጠሮና የወስፋትን እንቁላል በዚህ መጠን ይገድላል ብሎ ማመን ግን አይቻልም፣ እነሱን የሚያስወግደው እሹታውና ለቅለቃው ነው። በከተማ ፍሳሽ መጠጣቱ የሚያጠራጥር ቅጠል ከሆነ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ጥሬውን አታቅርቡ። ያን ቀን ቆስጣ ገዝታችሁ አብስሉ።

ከጓሮ የሚቆረጥ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ይቆረጥ፤ ከቀትር በኋላ የተቆረጠ ጠውልጎ ይገባል። የሚቀመጠውን ሳታጥቡ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በፌስታል አድርጉና ፍሪጅ ታችኛው ክፍል አስገቡ። ሩኮላ 3 ቀን፣ ቆስጣ 4 ቀን፣ ቅጠል ሰላጣ አንድ ሳምንት ይቆያል። ከሙዝና ከበሰለ ቲማቲም ጎን አታስቀምጡት፤ ከእነሱ የሚወጣው ጋዝ በጥቂት ቀን አጥንቱን ቡናማ ነጠብጣብ ያደርግበታል።